የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፊዚክስ፦ ከ“ሸሞንሟናዬ” ካሴት ምን እንማራለን?

መግቢያ

ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ አቀበት የሚወጣ ሰው ለጆሮው ጥቂት ጊዜ ቢሰጠው ብዙ ነገር ይሰማል። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ዜማ በድምፅ ማጉያ ታግዞ ከሸለቆው ማዶ ይደርሳል፤ አቀበቱን የሚታገለው አውቶቡስ ሞተሩ ያጓራል፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል በነፋስ ይንሿሿል፤ ከሩቅ ውሻ ይጮኻል። ከእነዚህ ድምፆች አንዱም “እኔን ስሙኝ” ብሎ አይጣራም። ሁሉም ተደራርበው ግን የጉለሌን ማለዳ የጉለሌ ማለዳ ያሰኙታል። እንዲህ ከአድማጩ ፊት ከመቆም ይልቅ አድማጩን የሚከብብ ሙዚቃ በዓለም ላይ “አምቢየንት” እየተባለ ይጠራል። ስያሜውን ያስፋፋው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ሲሆን፣ በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያዎች በሚል ያወጣው አልበም የዘርፉ መለያ ሆኖ ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በጉለሌ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ወጣት አንድ ኮምፒውተርና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ካገኘ፣ ቀድሞ ሙሉ ስቱዲዮና ብዙ ባለሙያ ይጠይቅ የነበረውን የመጀመሪያ አልበም ብቻውን ማዘጋጀት ይችላል። ይህ ታላቅ ዕድል ነው። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል። መሣሪያው ከሌላ አገር ሲመጣ የሌላውን አገር ቅኝት፣ የሌላውን አገር የድምፅ ቀለም አብሮ ይዞ ይመጣል። ወጣቱ የመሣሪያውን አሠራር ካላወቀ መሣሪያው የሰጠውን ብቻ ይቀበላል፤ ካወቀ ግን መሣሪያውን የራሱን ቋንቋ ያናግረዋል።

በዚህ ጽሑፍ ከ1985 የአንድ ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ካሴት በመነሣት የኤሌክትሮኒክ ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ከቅኝቶቻችን ጋር እንዴት እንደሚስማማና እንደሚጋጭ፣ እንዲሁም የተቀዳ ድምፅ እንዴት እንደሚጠፋና እንደሚተርፍ ለማብራራት እንሞክራለን።

በሽቦ ላይ የተቀዳው ዛር

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ፓሪስና ኮሎኝ ናቸው። ይሁንና ከፓሪሱ የፒየር ሼፈር የ1948 ሙከራዎች አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ሐሊም ኤል-ዳብህ የተባለ ግብፃዊ ወጣት በካይሮ የሽቦ መቅጃ ተውሶ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀድቶ ነበር። በዚያ መሣሪያ ድምፅ የሚቀረጸው በክር ላይ ሳይሆን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ነው። ኤል-ዳብህ የቀዳውን ዜማ እንዳለ አላቀረበውም። ድምፁን በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ እያሳለፈ፣ መሠረታዊውን ንዝረት እየቀነሰና በላዩ የሚሰሙትን ረቂቅ ንዝረቶች እያጎላ፣ ከሰው ድምፅ ተነሥቶ የሰው ድምፅ የማይመስል ሥራ አወጣ።

ይኸው ሰው በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ እስከ 1964 ድረስ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በእግር በሚደረስበት በስድስት ኪሎ፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ቡድን በማቋቋም የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንትና የሌሎች የአገር መሣሪያዎችን ተጫዋቾች በአንድ መድረክ አሰባስቧል። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፋና ወጊ የሆነው ሰው እዚህ ሲመጣ የያዘው ሥራ የአገሩን መሣሪያ መተካት ሳይሆን ማዳመጥና ማደራጀት መሆኑን ልብ ይሏል።

ብቻውን የተቀመጠው ኦርኬስትራ

ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ወደ ሙዚቃው ዓለም ያስገባው በዋናነት አኮርዲዮን ነው። በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሠራ። በ1981 ባንዱ ለጉዞ ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ከቀሩት አባላት አንዱ እርሱ ነበር። በዋሽንግተን ሆኖ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማረ፤ በ1985ም “ሸሞንሟናዬ” የተሰኘውን፣ ያለ ባንድ ለብቻው የሠራውን የመጀመሪያ ካሴት አወጣ።

በዚህ ካሴት ላይ ከበሮ መቺ የለም፤ ቤዝ ጊታር የያዘ ሰው የለም፤ ነፊም የለም። ኃይሉ አኮርዲዮን፣ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርን፣ ያማሃ ዲኤክስ 7ን እና የከበሮ ማሽንን በየተራ እየተጫወተ፣ አንዱን ቅጂ በሌላው ላይ ደራርቦ ሁሉንም ሆነ። ከሰዎች ጋር ሲጫወት የኖረ ሙዚቀኛ ከአገሩ ርቆ ከማሽን ጋር ብቻውን ሲቀር የሠራው ሥራ ነው። ውጤቱም በጥብቅ ትርጉሙ አምቢየንት ባይባልም፣ እየተመላለሰ የሚከብብ፣ ከችኮላ የራቀ፣ ከአዳዲሶቹ የአምቢየንት ሥራዎች ጋር ጎን ለጎን ቢሰማ የማያስገርም ሆነ።

ለፊዚክስ ተማሪ ይህ ካሴት ጥሩ ቤተ ሙከራ ነው፤ አራት መሣሪያዎቹ አራት የተለያዩ የድምፅ መፍጠሪያ መንገዶችን ያሳዩናልና።

አራት መሣሪያ፣ አራት መንገድ

ሀ. አኮርዲዮን። የአኮርዲዮን ድምፅ የሚመነጨው አንድ ጫፋቸው ከተጣበቀ፣ ሌላው ጫፋቸው ግን ነጻ ከሆነ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ነው። ወናፉ አየር ሲገፋ ምላሱ ይርገበገባል። የክራር ጅማት ርዝመቱ በግማሽ ቢያጥር ድግግሞሹ በእጥፍ ይጨምራል። የአኮርዲዮን ምላስ ግን ሌላ ሕግ ይከተላል። ድግግሞሹ ከውፍረቱ ጋር በቀጥታ፣ ከርዝመቱ ካሬ ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ድግግሞሹ አራት እጥፍ ይሆናል። በእጅ የሚያዝ አንድ መሣሪያ ከወፍራም እስከ ቀጭን ሰፊ የድምፅ መጠን ሊይዝ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለ. ሮድስ። ቁልፉ ሲነካ ትንሽ መዶሻ ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል። ዘንጉ በራሱ የሚያወጣው ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ነገር ግን በአጠገቡ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አለ። ዘንጉ ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈውን መግነጢሳዊ መስክ ይለዋውጣል፤ በ1831 ማይክል ፋራዴይ እንዳሳየውም የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጥራል። ሮድስ በመሠረቱ በሰው ጣት የሚነዳ አነስተኛ ጄኔሬተር ነው። ዘንጉ ከማግኔቱ ጫፍ ጋር በትክክል መሐል ለመሐል ከተገጣጠመ በአንድ ንዝረት ሁለት ጊዜ ስለሚያልፈው ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ይመስላል፤ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ግን መሠረታዊው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል።

ሐ. ሙግ። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ በ1964 ያቀረበው መሣሪያ የሚንቀሳቀስ ብረት የለውም። ድምፁን የሚያመነጨው የኤሌክትሮኒክ ዑደት ሲሆን፣ ቮልቴጁ በአንድ ቮልት ሲጨምር ድግግሞሹ በእጥፍ ያድጋል፤ ማለትም አንድ ኦክታቭ ይወጣል። መሣሪያው በመጀመሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ፣ በረቂቅ ንዝረቶች የተሞላ ሞገድ ይሠራል። ቀጥሎ ማጣሪያው የማያስፈልጉትን ይቆርጣል። ከትልቅ ግንድ እየጠረበ መስቀል እንደሚያወጣ ጠራቢ ነው፤ ድምፁ የሚገኘው በመቀነስ ነው።

መ. ዲኤክስ 7። ይህ በ1983 ለገበያ የቀረበው የያማሃ መሣሪያ ከሙግ ተቃራኒውን መንገድ ይከተላል። ቀላል ከሆኑ ሞገዶች ተነሥቶ ውስብስብ ድምፅ ይገነባል። አሠራሩ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚገባው ለብቻው እናየዋለን።

ከሬዲዮ ጣቢያ ወደ ደወል ድምፅ

ኤፍ ኤም የሚለውን ቃል ሁላችንም ከሬዲዮ እናውቀዋለን። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲባል ጣቢያው በሰከንድ 97,100,000 ጊዜ የሚርገበገብ ተሸካሚ ሞገድ ያሠራጫል ማለት ነው። የአቅራቢው ድምፅ ይህን ድግግሞሽ ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዘዋል፤ ውዝዋዜውም እስከ 75,000 ኸርዝ ሊደርስ ይችላል። ተቀባያችን ተሸካሚውን ጥሎ ውዝዋዜውን ብቻ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል።

በ1967 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቀኛ ጆን ቻውኒንግ በኮምፒውተር ላይ የዜማ ማርገብገቢያን ሲሞክር የውዝዋዜውን ፍጥነት እጅግ ከፍ አደረገው። ውዝዋዜው በሰከንድ አምስትና ስድስት ጊዜ ሲሆን ጆሮ መርገብገቡን ይሰማል። በሰከንድ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ሲሆን ግን መርገብገቡ ይጠፋና አዲስ የድምፅ ቀለም ይወለዳል። ቻውኒንግ ግኝቱን በ1973 አሳተመ፤ ዩኒቨርሲቲውም የመጠቀሙን ፈቃድ ለያማሃ ሰጠ። ከሬዲዮው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ተሸካሚውም አወዛዋዡም በጆሮ ሊሰማ በሚችል መጠን ውስጥ ናቸው፤ የመጨረሻውን ሞገድም ማንም አይፈታውም፤ የምንሰማው እርሱኑ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተሸካሚው 220 ኸርዝ ይሁን። አወዛዋዡ ሲጨመር ከተሸካሚው ግራና ቀኝ አዳዲስ ድግግሞሾች ይፈጠራሉ። እነርሱም ተሸካሚው ሲደመርና ሲቀነስ የአወዛዋዡ አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እያሉ ይሄዳሉ። ከዜሮ በታች የወረዱት ምልክታቸው ተገልብጦ ወደ ላይ ይመለሳሉ።

አወዛዋዡ 220 ቢሆን 220፣ 440፣ 660፣ 880 እያለ የተሟላ የብዜት ተርታ ይገኛል፤ ድምፁ እንደ ናስ መሣሪያ የሞላ ይሆናል። አወዛዋዡ 440 ቢሆን 220፣ 660፣ 1,100 የሚሉት ጎዶሎ ብዜቶች ብቻ ይወጣሉ፤ ይህ ወደ ክላርኔት የሚጠጋ ድምፅ ነው። አወዛዋዡ 308 ቢሆንስ? ያን ጊዜ 88፣ 220፣ 396፣ 528፣ 836 እና የመሳሰሉት ይገኛሉ። እዚህ ከተዘረዘሩት ውስጥ ከተሸካሚው በቀር አንዳቸውም የ220 ሙሉ ብዜት አይደሉም። ጆሮ ይህን ሲሰማ ደወል ወይም ቃጭል ይለዋል። አንዲት ቁጥር በመለወጥ ብቻ ከመለከት ወደ ደወል ተሻገርን ማለት ነው።

ሌላው ወሳኝ ቁጥር የውዝዋዜው ጥልቀት ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር ብዙ አዳዲስ ድግግሞሾች ይነሣሉና ድምፁ ይደምቃል፤ ሲቀንስ ይለሰልሳል። ጥልቀቱ በድምፁ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ቢወርድ፣ ማንኛውም የተመታ ወይም የተገረፈ መሣሪያ እንደሚያደርገው ድምፁ ደምቆ ይጀምርና ደብዝዞ ይሞታል። ዲኤክስ 7 ስድስት እንዲህ ያሉ ሞገድ አመንጪዎች ነበሩት፤ እነርሱም በ32 ዓይነት አደራደር ይያያዙ ነበር፤ በአንድ ጊዜም እስከ 16 ድምፅ ያወጣ ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ እውቀት ብቻ አይደለም። በጾም ወራት የምንሰማው በገና አሥር ጅማቶች አሉት። በጅማቱና በብርኩማው መካከል የሚገባው እንዝራ የተባለ ቁራጭ ቆዳ ጅማቱን በስሱ እየነካ ያንዛርረዋል። ያ የሚያንዛርር ድምፅ የጅማቱን ጉልበት ከመሠረታዊው ንዝረት ወደ ረቂቆቹ ንዝረቶች ያሸጋግረዋል። ዲኤክስ 7 በኤሌክትሮኒክ ስሌት የሚያደርገውን የማድመቅ ሥራ በገና ደርዳሪ በአንዲት ቆዳ ይሠራዋል። መንገዱ ቢለያይም ሁለቱም የሚያበለጽጉት አንድ ነገር፣ የድምፁን ቀለም ነው።

ቅኝትና ቁጥር

እስካሁን ስለ ድምፅ ቀለም ተነጋገርን። የመሣሪያውና የባህላችን እውነተኛ ፍጥጫ ያለው ግን በቅኝት ላይ ነው።

ፒያኖም ሆነ ሲንተሳይዘር ኦክታቩን በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍለዋል። እያንዳንዱ ቁልፍ ከበፊቱ ቁልፍ በ1.0595 እጥፍ ይበልጣል፤ ይህን ቁጥር በራሱ 12 ጊዜ ብናበዛው 2 ይሰጠናል። አራቱን ዋና ዋና ቅኝቶች በዚህ መሰላል ላይ ስናሰፍራቸው፣ መነሻውን ዜሮ ብለን፣ ትዝታ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፤ ባቲ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፤ አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፤ አንቺ ሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ይሆናሉ። ትዝታና ባቲ ሌላም ዓይነት እንዳላቸው ሳይዘነጋ ነው።

ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች ግምት ናቸው። የክራርና የማሲንቆ ተጫዋች መሣሪያውን የሚቃኘው በጆሮው ነው። ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ መርገብገቡ የሚጠፋበትን ቦታ ይፈልጋል። 220 ኸርዝ የሚያወጣ ጅማት አምስተኛው በጆሮ ሲቃኝ 330 ኸርዝ አካባቢ ያርፋል፤ ሬሾው 3 ለ 2 ነውና። በኪቦርድ ላይ ግን 329.63 ነው። የመጀመሪያው ሦስተኛ ብዜት 660፣ የሁለተኛው ሁለተኛ ብዜት 659.26 ስለሚሆን በአራት ሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ይርገበገባሉ፤ ይህ ብዙ አያስከፋም። ሦስተኛውን ስንመለከት ግን ልዩነቱ ይሰፋል። በ5 ለ 4 ሬሾ 275 ኸርዝ መሆን ያለበት በኪቦርድ 277.18 ይሆናል፤ መርገብገቡም በሰከንድ ወደ ዘጠኝ ጊዜ ይጠጋል። በፈጣን ዘፈን ውስጥ ይህ አይታወቅም። አንድ ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ተዘርግቶ በሚቆይበት በአምቢየንት ሙዚቃ ውስጥ ግን ጆሮ ከዚህ መርገብገብ በቀር ሌላ የሚሰማው ነገር የለም።

እንግዲህ መሠረታዊው ችግር ይህ ነው። ወጣቱ ሙዚቀኛ አንቺ ሆዬን በኪቦርድ ሲጫወት ጥቃቅኖቹ ልዩነቶች ይላጫሉ። ዓመታት ሲያልፉ የአድማጩም ጆሮ የተላጨውን እንደ ትክክለኛ ይቀበላል። መጨረሻ ላይ በእጁ የቃኘው የክራር ተጫዋች “ተሳስቷል” ሊባል ይችላል።

መፍትሔው መሣሪያውን መሸሽ አይደለም። በ1987 የወጣው የዲኤክስ 7 ተከታይ የቁልፎቹን ቅኝት በጥቃቅን ደረጃ ለመለወጥ የሚያስችል ነበር። ዛሬ ያሉ ብዙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ይህን ይፈቅዳሉ። ሌላው መንገድ የእውነተኛውን መሣሪያ ድምፅ ቀድቶ መጠቀም ነው። በ2010ዎቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ “ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ” ብለው የሰየሙት አካሄድ የአዝማሪን ዜማና የአገር መሣሪያን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘ ነው። በ2014 እንደገና ሙሉ “ቀን ሰባት”ን፣ ሚካኤል ሰይፉ “ያራዳ ልጅ”ን፣ በ2016 ደግሞ “ዘላለም”ን አውጥተዋል። ማሲንቆ ሲቀዳ የተጫዋቹ ጆሮ የወሰነው ቅኝት አብሮ ይቀዳልና፣ ኮምፒውተሩ ሳያውቀው የአገሩን ሰዋስው ይማራል።

ማስተጋባትና ምልልስ

አምቢየንት ሙዚቃ ከሌላው የሚለየው በዜማው ሳይሆን በቦታና በጊዜ አያያዙ ነው። ሁለቱንም በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል።

በእንጦጦ አካባቢ ከገደል ፊት ለፊት ሆነን ብንጣራ ድምፃችን ተመልሶ ይሰማናል። አየሩ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይጓዛል። ብዙዎች በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ድምፅ ይዘገያል ብለው ያስባሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው በዋናነት የአየሩ ሙቀት እንጂ ግፊቱ አይደለም። ገደሉ በ170 ሜትር ርቀት ላይ ካለ ድምፁ ደርሶ መልስ 340 ሜትር ተጉዞ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይመለሳል።

ኮምፒውተር ይህን ገደል በማስታወሻው ውስጥ ይሠራዋል። በዲጂታል ቅጂ አንድ ሰከንድ ድምፅ 44,100 ቁጥሮች ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ይዞ ማቆየት፣ 44,100 ቁጥሮች ካለፉ በኋላ በግማሽ ቀንሶ ከአዲሱ ጋር መደመር፣ የተደመረውንም እንደገና ማቆየት ነው። በዚህ ዓይነት ድምፁ በየሰከንዱ እየተመላለሰ በየጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ከአሥረኛው ምልልስ በኋላ ከመጀመሪያው 1,024 ጊዜ ያነሰ ይሆናል። ይህም 60 ዴሲቤል ያህል መቀነስ ነው፤ የአዳራሾች ማስተጋባት የሚለካውም በዚሁ መጠን ነው።

ሁለተኛው ብልሃት ርዝመታቸው የማይጣጣም ተመላላሽ ዜማዎችን አብሮ ማስኬድ ነው። አንዱ በየ7 ሰከንዱ፣ ሌላው በየ11 ሰከንዱ፣ ሦስተኛው በየ13 ሰከንዱ ቢመላለስ፣ ሦስቱ እንደገና በአንድ ላይ የሚጀምሩት ከ1,001 ሰከንድ፣ ማለትም ከ16 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ በኋላ ነው። አራተኛ የ17 ሰከንድ ዜማ ብንጨምር 4 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ይፈጃል። አንደኛ ደረጃ የተማርነው ትንሹ የጋራ ብዜት ከጥቂት ድምፆች ረጅም ሙዚቃ ይሠራል። ብራያን ኢኖ በ1978ቱ አልበሙ ርዝመታቸው የተለያየ ክሮችን አዙሮ ያደረገው ይህንኑ ነው።

የካሴት ክር ምስክርነት

“ሸሞንሟናዬ” በ1985 ከወጣ በኋላ ኃይሉ መርጊያ ቀስ በቀስ ከመድረክ ራቀ። በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ይተዳደር ጀመር፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜም በመኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ ግን በየሱቁና በየቤቱ ቀርቶ ነበር። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ በባሕር ዳር አንዱን ቅጂ አገኘ፤ በ2013ም አልበሙ ከ28 ዓመት በኋላ እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 “ላላ በሉ”ን፣ በ2020 “የኔ ምርጫ”ን አወጣ።

ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሊያሳስበንም ይገባል። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። 8,000 ኸርዝ የሆነ ረቂቅ ድምፅ በክሩ ላይ የሚይዘው የሞገድ ርዝመት 6 ማይክሮ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በማንበቢያው ራስ ላይ የተቀመጠች አቧራ ይህን ድምፅ ለማጥፋት ትበቃለች። የብረት ኦክሳይዱን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያጣብቀው ሙጫም እርጥበት እየሳበ ይዳከማል። ከካሴት ወደ ካሴት በተቀዳ ቁጥር የክሩ ሹክሹክታ ይደመራል፤ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሹክሹክታ ያለው አንድ ተጨማሪ ቅጂ የሹክሹክታውን ጉልበት በእጥፍ፣ ማለትም በ3 ዴሲቤል ያሳድገዋል።

ዲጂታል ቅጂ ይህ ችግር የለበትም፤ ቁጥር ሲገለበጥ አያረጅም። አንድ ደቂቃ ባለ ሁለት መስመር ድምፅ በ44,100 ናሙናና በ16 ቢት ሲቀዳ 10.6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ የ45 ደቂቃ ካሴት ደግሞ 476 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በዛሬ ዋጋ ይህ እጅግ ትንሽ ቦታ ነው። ሆኖም ዲጂታል ፋይልም በአንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ መሣሪያው ሲበላሽ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ስለዚህ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማኖር ያስፈልጋል። “ሸሞንሟናዬ” የተረፈው አንድ ሰው በአንድ ሱቅ ስላለፈ ነው። ማንም ያላለፈባቸው ስንት ካሴቶች በየቁም ሣጥኑ ውስጥ እየደከሙ እንደሆነ አንባቢ ሊገምት ይችላል።

ራሳችሁ ሞክሩት

1. በሰፈራችሁ ክራር የሚጫወት ሰው ፈልጉ። አስፈቅዳችሁ እያንዳንዱን ጅማት ለብቻው በስልክ ቅዱ።

2. ድግግሞሽ በሚለካ ነጻ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ጅማት ኸርዝ መዝግቡ።

3. ዝቅተኛውን ድምፅ መነሻ አድርጋችሁ የሌሎቹን ሬሾ አስሉ። የሬሾውን ሎጋሪዝም በመሠረት 2 ወስዳችሁ በ1,200 አባዙት፤ ውጤቱ ሴንት ይባላል። ለምሳሌ መነሻው 200፣ ሌላው ጅማት 266 ኸርዝ ቢሆን ሬሾው 1.33፣ ውጤቱም 494 ሴንት ገደማ ነው። በኪቦርድ ላይ የቅርቡ ቁልፍ 500 ሴንት ነው።

4. ተጫዋቹ ክራሩን አላልቶ እንደገና እንዲቃኘው ጠይቁትና ልኬቱን ድገሙ። ሁለቱ ልኬቶች ተቀራራቢ ከሆኑ ልዩነቱ የጆሮ ስሕተት ሳይሆን የጆሮ ምርጫ ነው።

5. ያገኛችሁትን የሴንት ሰንጠረዥ ወደ ኮምፒውተር የሙዚቃ ፕሮግራም አስገቡና ያንኑ ዜማ በሁለቱም ቅኝት አዳምጡ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ምሥጢር ሳይሆን ስሌት ነው። የብረት ምላስ፣ ማግኔት፣ ቮልቴጅና ተደራራቢ ሞገድ ሁሉም በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ያሉ ነገሮች ናቸው። ኃይሉ መርጊያ በባዕድ አገር፣ በባዕድ መሣሪያ፣ ያለ ባንድ ተቀምጦ የአገሩን ዜማ ሲሠራ ኪቦርዱ የሚሰጠውን ብቻ አልተቀበለም፤ ከልጅነት አኮርዲዮኑ ጋር አስማማው።

በጉለሌ ጠባብ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ አልበሙን የሚሠራው ወጣት ከእርሱ የተሻለ መሣሪያ አለው። የሚያስፈልገው የመሣሪያውን ቁጥሮች የሚያነብ ዓይንና ለአገሩ ቅኝት የሚታዘዝ ጆሮ ነው። የሳይንስ ተማሪው ቁጥሮቹን፣ የክራር ተጫዋቹ ጆሮውን ይዘው ቢገናኙ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ለመጀመር የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ክራርና ሁለት ሰዓት ጊዜ ይበቃል። እግረ መንገዳችሁንም በቤታችሁ ያለውን አሮጌ የካሴት ሣጥን ከፍታችሁ እዩ። ክሩ ሳይደክም የተቀዳውን አድምጡ፤ ወደ ዲጂታልም ገልብጡት።